ሽሮው ለምን ይቀጥናል? ዱቄት ከመጨመርህ በፊት

ጥያቄ፦ «ደብረ ማርቆስ የምኖር ወንደላጤ መምህር ነኝ። እናቴ ከቢቸና ሽሮ ትልክልኛለች። እሷ ስትሠራው ወፍራምና ልስልስ ያለ ነው። እኔ ስሠራው ግን ወይ ይጓጉላል ወይ እንደ ውሃ ይቀጥናል። ጓደኛዬ ‹ፉርኖ ዱቄት ጣል አድርግበት› አለኝ። አደረግሁ። ወፈረ፣ ግን ሊጥ ሊጥ አለኝ። ለፋሲካ ደግሞ ዶሮ ወጥ ሞክሬ ቀጠነብኝ። እሱንም በዱቄት ላድነው ብዬ ሙጫ አደረግሁት። ለአንድ ሊትር ስንት ማንኪያ ዱቄት ነው የሚበቃው? ወይስ የማርቆስ ብርድ ነው ውሃው በደንብ እንዳይፈላ የሚያደርገው?»

ምላሽ፦ የጠየቅኸውን ቁጥር ልስጥህና እንለፍ። አንድ ሊትር ፈሳሽ መካከለኛ ውፍረት እንዲይዝ ወደ 8 የሾርባ ማንኪያ ፉርኖ ዱቄት ይፈልጋል። በበቆሎ ስታርች ከሆነ 4 ይበቃል። ቁጥሩ ልክ ነው። ለአንተ ድስት ግን አይሠራም። የተለካው ለሾርባና ለወተት ስጎ ነው፤ እነሱ ዱቄት ካልገባባቸው የሚያወፍራቸው ሌላ ነገር የለም። የእኛ ወጥ ግን የሚያወፍረውን ይዞ ነው የሚመጣው። ሽሮ ራሱ ዱቄት ነው። ዶሮ ወጥን የሚያወፍረው ሽንኩርቱ ነው። ሁለቱም ከቀጠኑብህ፣ ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። ለምን እንዳልሠራ ሳታውቅ ዱቄት ብትጨምር ያገኘኸውን ታገኛለህ፤ ሊጥና ሙጫ።

ከብርዱ እንጀምር። ብርድ ውሃን እንዳይፈላ አያደርግም። ከፍታ ደግሞ እንዲያውም ቶሎ ያፈላዋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,450 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ገደማ ነው። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ስለሆነች 94 አካባቢ ትደርሳለች። ድስትህ የፈለገውን ያህል ቢንፈቀፈቅ ውሃው ከዚያ በላይ አይግልም። እሳት ብትጨምርበት ትርፉ እንፋሎትና ያረረ ድስት ነው። ይህ የሚያስቸግረው ክክን፣ ባቄላንና ሽምብራን ነው። ፍሬው እስኪበስል ብዙ ያስጠብቃል። ዱቄትን ግን አይጎዳም። ዱቄት ውስጥ የሚያወፍረው ነገር ስታርች ነው። ማበጥ የሚጀምረው 60 ዲግሪን ትንሽ አለፍ ሲል ነው፤ 90 አካባቢ ሲደርስ ዋናውን ሥራ ጨርሷል። ስለዚህ የማርቆስን አየር ተወው። ቢቸናም ቆላ አይደለችም፣ እናትህ ግን ሽሮው አይቀጥንባትም።

ስታርች እንዴት እንደሚያወፍር ካወቅህ ግማሹ ችግር ይፈታል። ዱቄት ውስጥ ስታርች በዓይን በማይታዩ ቅንጣቶች ታሽጎ ይቀመጣል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዝም ብሎ ይዘቅጣል። ውሃው ሲግል ግን ቅንጣቶቹ ውሃ እየጠጡ ያብጣሉ፣ እርስ በርስ ይጨናነቃሉ፣ ፈሳሹም እንደ ልቡ መሄድ ያቅተዋል። ወፈረ የምንለው ያኔ ነው። እናትህ አብሲት ስትጥል ይህንኑ ነው የምትሠራው። ከጤፉ ሊጥ ጥቂቱን በፈላ ውሃ አብስላ ትመልሰዋለች፣ የበሰለው ስታርች ቀሪውን ሊጥ ይይዘዋል።

መጓጎልም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ደረቅ ሽሮ የሚፈላ ውሃ ላይ ዘርገፍ ስታደርግ፣ የእያንዳንዱ ጓል ውጪው ወዲያው ያብጥና ይለጠፋል። ውስጡ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል፤ ውሃ መግቢያ የለውማ። ከዚያ በኋላ ብታማስል ብታማስል አይፈታም። እዚህ ላይ ልብ በል፦ ጓል ውስጥ የታሰረ ሽሮ ውሃውን አያወፍርም። ለዚህ ነው የጓጎለ ሽሮ ብዙ ጊዜ ቀጭንም የሚሆነው። አንተ እንደ ሁለት ችግር ጻፍኸው እንጂ አንድ ችግር ነው። እጃቸው የለመደ እናቶች በአንድ እጅ እየነሰነሱ በሌላው በፍጥነት ያማስላሉ፣ አንድም ጓል አይታይባቸውም። ያ በልምድ የሚመጣ ነው። አንተ በጥብጠህ አስገባ። ማንም አይታዘብህም።

ለ1 ኩባያ ሽሮ 4 ኩባያ ውሃ መነሻ ይሁንህ። ተጋቢኖ ከፈለግህ ወደ 3 አውርደው፣ ፈሰስ ከፈለግህ ወደ 5 አድርሰው። ከውሃው አንዱን ኩባያ ለይተህ ሽሮውን እሱ ላይ በጥብጥ፤ ደረቅ ነገር እስኪጠፋ። ውሃው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን። ጣትህን የሚያቃጥል ከሆነ ድስት ሳይገባ መጓጎል ይጀምራል። ሽንኩርቱን በደንብ አቁላላ፣ የቀረውን ውሃ ጨምረህ አፍላ፣ ከዚያ ብጥብጡን በቀጭኑ እያንቆረቆርህ አማስል። ገንፈል ሲል እሳቱን ቀንስና 15 ወይም 20 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። ክዳኑን ገርበብ አድርገው፤ ሽሮ ሲወፍር ይፈነጥቃል፣ ያቃጥላልም።

ብዙ ወንደላጤ የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። 5 ደቂቃ ሳይሞላ ድስቱን ያይና «ቀጠነ» ብሎ ሁለት ማንኪያ ሽሮ ይደፋበታል። ያ ሽሮ ይጓጉላል። የመጀመሪያው ደግሞ ቆይቶ መወፈሩ አይቀርም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ድስቱ ውስጥ ያለው ማማሰያ የሚያቆም ነገር ይሆናል። በዚያ ላይ የጥራጥሬ ስታርች ሲቀዘቅዝ ከስንዴው ይልቅ ጠንክሮ ይረጋል። ማታ የሠራኸው ሽሮ ጠዋት በቢላ የሚቆረጥ የሚመስለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከምትፈልገው ቀጠን እንዳለ አውርደው፣ እንጀራው እስኪቀርብ ራሱ ይስተካከላል። ካለፈ ደግሞ ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረግህ ፍታው።

ይህን ሁሉ አድርገህም ከቀጠነ ሽሮውን ራሱን እንጠርጥር። ሽምብራ ውስጥ ያለው ስታርች የክብደቱን ግማሽ አይሞላም። ፉርኖ ዱቄት ግን ከመቶ 70 ያህሉ ስታርች ነው። ሽሮ ሲጀመርም ጉልበቱ መጠነኛ ነው ማለት ነው። በርበሬና ቅመም የበዛበት ምጥን ከሆነ ደግሞ በአንድ ኩባያ ውስጥ ያለው ጥራጥሬ ይቀንሳል፤ ውሃውንም ቀንስ። ከመጠን በላይ ከተቆላ እህል የተፈጨ ሽሮም አይወፍርም። ኃይለኛ ደረቅ ሙቀት ስታርቹን ይሰባብረዋል፣ የተሰባበረ ስታርች ውሃ መያዝ አይችልም። ቀለሙ የጠቆረ፣ ሽታው ወደ ቡና የሚሄድ ሽሮ ከሆነ ውሃውን ቀንስለት እንጂ እጅህን አትውቀስ።

ሌላም ጠላት አለ፤ ብቅል። የበቀለ ገብስ ውስጥ ስታርችን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለ። ጠላ የሚጠመቀው በእሱ ነው። ገንፎ ላይ ትንሽ የብቅል ዱቄት ብትነሰንስ ዓይንህ እያየ ይቀጥናል። ለሕፃን አጥሚት ይህ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ዱቄቱ ሳይቀነስ ሕፃኑ ሊውጠው ይችላል። ለሽሮ ግን አይሆንም። ቤት ውስጥ የብቅልና የሽሮ ዕቃህን ለይ። ምራቅም ተመሳሳይ ኢንዛይም አለው። ከድስቱ በቀጥታ እየበላህ የተረፈውን ካሳደርኸው ጠዋት ውሃ አቅርሮ ታገኘዋለህ። ወንደላጤ ነህና ይህን ሳልናገር አላልፍም።

አሁን ሊጥ ሊጥ ወዳለህ ፉርኖ ዱቄት እንምጣ። ሽሮ ከመፈጨቱ በፊት ተቆልቷል፤ የጥሬ ሽታው ገና ምጣድ ላይ ጠፍቷል። ፉርኖ ዱቄት ግን ጥሬ ነው። መወፈሩን ቶሎ ያሳይሃል፣ የጥሬነት ጣዕሙ ግን አብሮት አይጠፋም። ከወፈረ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ መንተክተክ አለበት። አንተ ወፈረ ብለህ ያወረድኸው ይመስለኛል። የግድ ከሆነብህ ዱቄቱን መጀመሪያ ዘይት ወይም ቅቤ ላይ ትንሽ ጠበስ አድርገው። ዘይቱ ቅንጣቶቹን ስለሚለያያቸው አይጓጉልም፣ የጥሬ ሽታውም ይለቃል። እስኪቀላ ከጠበስኸው ግን የማወፈር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ከላይ ስለተቃጠለ ሽሮ ያልሁት እዚህም ይሠራል። የበቆሎ ስታርች ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠህ መጨረሻ ላይ ጨምረው፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፍላ፣ አውርደው። ብዙ ከፈላና ብዙ ከተማሰለ ያበጡት ቅንጣቶች ይፈነዱና ተመልሶ ይቀጥናል። ሎሚና ቲማቲምም እሳት ላይ አብረው ከቆዩ እንዲሁ ያደርጉታል። የኮመጠጠ ቲማቲም ስጎ በስታርች የምታወፍር ከሆነ ስታርቹን አስቀድመህ አታብስል።

ዶሮ ወጥ ላይ ግን ምንም ዓይነት ዱቄት አታስገባ። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ለአንድ ዶሮ ወደ 2 ኪሎ ሽንኩርት እንከትፋለን። ሽንኩርት ከክብደቱ ከመቶ 89 ያህሉ ውሃ ነው። ሒሳቡን ሥራው፤ 2 ኪሎ ሽንኩርት አንድ ሊትር ተኩል የሚያልፍ ውሃ ይዞ ድስት ይገባል። ወጥህ የቀጠነው አንተ ውሃ ስላበዛህ ላይሆን ይችላል። ሽንኩርቱ ውሃውን ሳይጨርስ ዶሮውን አስገብተህበት ይሆናል። ሽንኩርቱ ሲሟሟ በራሱ በሽንኩርቱ ውስጥ ያለው ፔክቲንና አሰር ነው መረቁን የሚይዘው። ፔክቲን ማርማላታን የሚያረጋው ያው ነገር ነው። ይህ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውሃው እስኪመጥ። ከዚያ በዘይት ወይም በቅቤ። ከዚያ በበርበሬ፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ። ቁሌቱ ብቻውን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ቢወስድ አትገረም። የሐበሻ ሽንኩርት የምትባለው ትንሿ ውሃዋ ያነሰ ስለሆነ ቶሎ ትይዛለች፤ ልጣጯ ግን ያስለቅሳል።

ቁሌቱ መድረሱን በሰዓት አትለካው። ማማሰያውን ድስቱ ወለል ላይ ጎተት ስታደርግ መንገዱ ወዲያው ካልተደፈነ ደርሷል። ዘይቱ ወደ ላይ መውጣት ከጀመረም ደርሷል። አንዳንዱ ሰው ዘይት ሲንሳፈፍ ያይና «ተለያየብኝ» ብሎ ውሃ ይጨምራል። ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ዘይቱ የሚወጣው ውሃው ስላለቀ ነው። ያኔ የድስቱ ሙቀት ከውሃ መፍያ በላይ ይወጣል፣ በርበሬውም በትክክል የሚበስለው ያኔ ነው። ውሃ ስትደፋበት ወደ ኋላ ትመልሰዋለህ።

ሎሚውንም ጠብቅ። ዶሮውን በሎሚ ማጠብ ልማዳችን ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን ደህና አድርገህ አለቅልቀው። ኮምጣጣ ነገር ሽንኩርት እንዳይሟሟ ያደርገዋል፤ ፔክቲኑ ቦታውን ይዞ ይቀራል። ቲማቲም ከሽንኩርቱ ጋር አብሮ የገባበት ወጥ ውስጥ የሽንኩርቱ ቁርጥራጭ እስከ መጨረሻው እንዳለ የሚታየው በዚህ ነው። ለክክም ያው ነው። ክኩ ሳይፈርስ ቲማቲም ወይም ሎሚ ካገኘው ሰዓታት ቢፈላ መረቁን አያወፍርም። ክክ ቶሎ እንዲፈርስ ሶዳ የሚጨምሩ አሉ። ይፈርሳል፣ ግን ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል፣ ጣዕሙም ሳሙና ሳሙና ይላል። እኔ አልመክረውም። ፕሬዠር ኩከር ካለህ የማርቆስን ከፍታ የሚያሸንፈው እሱ ነው።

ቀጥኖ ያገኘኸውን ዶሮ ወጥ ለማዳን ዶሮውን አውጣው። ብልቶቹን ሳህን ላይ አስቀምጥ፤ ከመረቁ ጋር ከቆዩ ይፈራርሳሉ። መረቁን አፉ ሰፊ ድስት ላይ ገልብጠህ ክዳኑን ከፍተህ አፍላው። ሰፊ ድስት ላይ ውሃው ቶሎ ይተናል። እስኪይዝ ጠብቅ፣ ከዚያ ብልቶቹን መልስ። ጨው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ቀድመህ ልክ ያደረግኸው ጨው ውሃው ሲቀንስ ይበዛብሃል። ባሕር ዳር ሄደህ የጣና ቆሮሶ ወይም አምባዛ ገዝተህ ወጥ ብትሠራም ያው ሕግ ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። ዓሣ ሲበስል የራሱን ውሃ ይለቃል፣ ቶሎም ይበሳበሳል። ቁሌቱን ከምትፈልገው በላይ አወፍረህ ዓሣውን መጨረሻ ላይ አስገባ።

ሳይፈላ የሚያወፍርም አለ። ተልባ እስኪንጫጫ ተቆልቶ ሲፈጭ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ እንኳ ይዝለገለጋል። ያ ዝልግልግ ነገር ውሃ የሚይዝ ሙጫ ነው። ለጾም ማባያ ሆኖ ለብቻው ይሄዳል፣ ቀይ ወጥ ውስጥ ግን አይመችም። አብሽም የራሱ ሙጫ አለው። እልበት የሚመቱ እናቶች እንዴት እንደሚነፋ ያውቁታል። አልጫ ላይ ጣት ጫፍ የምታህል በቂ ናት፤ ሲበዛ ይመራል። አልጫህ ከቀጠነ ከሁሉ የሚቀለው ግን ድንቹ ነው። ሁለት የበሰለ ድንች ከራሱ ከድስቱ አውጥተህ ፍጨውና መልስ። ጨርሰሃል።

ጓያን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። ጎጃም ውስጥ ይዘራል፣ ዋጋው ይረክሳል፣ ሽሮው ላይ ሲቀላቀልም ጥሩ ይወፍራል። ግን ጓያ ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለው። ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፣ ሽባነቱም አይመለስም። መዘፍዘፍና ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ሽሮ ለማወፈር ብለህ ጓያ አትቀላቅል። ከገበያ የተፈጨ ሽሮ ስትገዛም ከምን እንደተሠራ ጠይቅ። የእናትህን ሽሮ ያገኘህ ሰው ግን እድለኛ ነህ።

ወፍራም ምግብ ከቀጭኑ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው። የበዓል ድስት ሙሉ ወጥ እንደተከደነ ካደረ መሃሉ ለረጅም ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል፣ ባክቴሪያ የሚወደውም ይህንኑ ነው። የአንዳንዱ ባክቴሪያ መርዝ ደግሞ ጠዋት ብታፈላውም አይጠፋም። የተረፈውን በትናንሽ ዕቃ ከፋፍለህ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገባ። ፍሪጅ ከሌለህ የሚበቃህን ብቻ ሥራ። ለአንድ ሰው ድስት ሙሉ ሽሮ ምን ይሠራል?

እንግዲህ ምክሬ ይኸው ነው። ሽሮን በጥብጠህ አስገባ፣ 15 ደቂቃ ሳይሞላ አትፍረድበት፣ ፉርኖውን ለዳቦ ተወው። ለሚቀጥለው በዓል ደግሞ ቁሌቱን በዋዜማው ጨርስ። አብርደህ ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጥኸው ምንም አይሆንም። በበዓሉ ጠዋት አሙቀህ ማማሰያውን ጎተት አድርግበት። መንገዱ ከተደፈነ ዶሮውን ገና አታስገባ።